ከግቢው የወጣ ክኒን

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ታክሲ የያዘ ሰው ሁሉ ረዳቱ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» ሲል ሰምቷል። ስሙ የአንዲት ልዕልት መሆኑን የሚያውቅ አለ። ከመንገዱ ዳር ያለው ሰፊ ግቢ አለርት ሆስፒታል መሆኑን የማያውቅ የለም። «ድሮ የነዚያ የሕመምተኞቹ ሰፈር ነበር» ብሎ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግም አይጠፋም። ሦስቱ ወሬዎች ለየብቻቸው ሲዞሩ ኖረዋል። አንድ ላይ ሲገጣጠሙ የሚወጣው ግን የአንድ ክኒን ታሪክ ነው። ክኒኑ ከአጥር ውስጥ ተነሥቶ ገበሬው ጎጆ እስኪደርስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀበት።

መድኃኒት ተገኘ ማለት ሕመምተኛው እጅ ገባ ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል በር አለ። በሩን ማን ይጠብቅ፣ ማን ይክፈት የሚለው ክርክር ዘነበወርቅ ላይ በግልጽ ታይቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመድኃኒት በፊት፦ እስከ 1934

ሥጋ ደዌ በአገራችን ዕድሜው ረጅም ነው። ከዘር የሚወርድ፣ ከእርግማን የሚመጣ፣ የፈጣሪ ቁጣ ነው ያለው ብዙ ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት ላሊበላዎች ዜማውን ካቋረጡ ይህ ሕመም እንደሚይዛቸው ያምናሉ ይባላል። በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያን የገብረ ክርስቶስን ገድል ታነባለች። የንጉሥ ልጅ ነበረ፤ ሠርጉን ጥሎ ወጣ፤ ማንም እንዳያውቀው ሥጋው እንዲቆስል ለመነ። ሕመምተኛው እንግዲህ በአንድ በኩል ይፈራል፣ በሌላ በኩል ምጽዋት ይዘረጋለታል። ፍርሃቱም ርኅራኄውም ግን እኩል ከቤት ውጭ አቆሙት። ቦታው ገበያ ዳር፣ ጠበል አፋፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሆነ።

በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን በበርገን ከተማ ከሕመምተኞች ቁስል በወሰደው ናሙና ውስጥ ጀርሙን አየ። ሕመሙ ከዘር እንደማይወርድ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ እንደሆነ ተናገረ። ግኝቱ ትልቅ ነበር፤ ለሕመምተኛው ግን ወዲያው ያመጣለት ነገር አልነበረም። ያለው ሕክምና ቻውልሙግራ ከሚባል የእስያ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነበር፤ በመርፌ ሲሰጥ የሚያሠቃይ፣ ውጤቱም የሚያጠራጥር። ይባስ ብሎ «ተላላፊ ነው» የሚለው ቃል መድኃኒት በሌለበት ሲሰማ ትርጉሙ አንድ ሆነ፦ ለዩት። ዓለም በየደሴቱና በየገጠሩ የሕመምተኞች መንደር መሠረተ። በእኛም አገር የካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1901 በሐረር እንዲህ ያለ ማቆያ ከፍተው ነበር።

የልዕልቷ ስም፦ ከ1934 እስከ 1950

አሜሪካዊው ሐኪምና ሚሲዮናዊ ቶማስ ላምቢ በአዲስ አበባ የታወቀ ሰው ነበር። ቀደም ብሎ በጉለሌ ሆስፒታል አሠርቷል። በከተማው ምዕራብ ዳር፣ ያኔ ሜዳና እርሻ በነበረው ቦታ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲቆም ዋናውን ጥረት ያደረገውም እርሱ ነው። ሆስፒታሉ በ1934 ሥራ ጀመረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ዘነበወርቅ ገና በልጅነቷ ባል አግብታ በሄደችበት በትግራይ አርፋ ስለነበር ስሙ በእርሷ መታሰቢያ ተሰየመ። ሰው ስሙን ሊጠራው የማይወደውን ሕመም የያዘ ቤት የንጉሥ ልጅ ስም ተሸከመ።

ከየአውራጃው በእግርም በበቅሎም የመጣው ሕመምተኛ ብዙ ነበር፤ አልጋው ግን ጥቂት። ያላገኘው ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ወዴት ይመለሳል? ሚስቱ ፈታዋለች ወይም ባሏ ፈቷታል፤ እርሻው ለዘመድ ተከፍሏል፤ በገበያ ሰላምታ የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ከአጥሩ ሥር ጎጆ ቀለሰ። ውስጥ ያለውም ቢሻለው እንኳ ከአጥሩ ማዶ ካለው ጎጆ አላለፈም። ተጋቡ፤ ወለዱ፤ ዕድር መሠረቱ። ዛሬ ዘነበወርቅ የምንለው ሰፈር መነሻው ይህ ነው፤ መጥቶ መመለሻ ያጣ ሰው የሠራው ሰፈር።

ርካሹ ክኒን፦ ከ1950 እስከ 1965

ነገሩ የተለወጠው በሩቅ አገር ነው። በ1941 በአሜሪካ ሉዊዚያና ካርቪል በተባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ጋይ ፋጄት የተባለ ሐኪም ፕሮሚን የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥር መስጠት ጀመረ። ቁስሎች ሲደርቁ ታየ። ግን በየቀኑ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ያው አልጋና ነርስ ይፈልጋል። በሩን የከፈተው የእርሱ ዘመድ የሆነው ዳፕሶን ነው። በናይጄሪያ ኡዙአኮሊ የሚሠሩ ሐኪሞች በ1940ዎቹ መጨረሻ ዳፕሶንን በክኒን መልክ በአፍ ቢሰጡት እንደሚሠራ አሳዩ። ዋጋው የሳንቲም ነበር። የሚዋጥ፣ በኪስ የሚያዝ፣ ፀሐይና መንገድ የሚችል ነጭ ክኒን።

የክኒኑ ትርጉም ከሕክምናው ይበልጣል። የሚዋጥ ከሆነ አልጋው ለምን? አጥሩስ ለምን? በሻሸመኔ፣ በደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳና በ1958 ጀርመኖች በሐረርጌ ባቋቋሙት ቢሲዲሞ አዳዲስ ማዕከሎች ሲከፈቱ ጥያቄው አብሮ ተነሣ። ሕሙማኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አልጋ በአልጋ ቢጨመር አይደረስባቸውም። ክኒኑ ወደ ሰው መሄድ ነበረበት።

ተቃውሞም ነበር፤ መሠረተ ቢስም አልነበረም። ዳፕሶን ቀርፋፋ ነው። ብዙ ጀርም ያለበት ሕመምተኛ ዕድሜ ልኩን መዋጥ ነበረበት። ቁስሉ የደረቀለት ገበሬ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት በየቀኑ ይውጥ ይሆን? ያለ ተቆጣጣሪ መድኃኒት መስጠት ማባከን አይሆንም? የጥርጣሬው መልስ የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ማንም እንደጠበቀው ሆኖ አልመጣም።

ትምህርት ቤቱ፦ ከ1965 እስከ 1975

ታኅሣሥ 2 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ዲሴምበር 11 ቀን 1965፣ የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሌላ ሥራ ተሰጠው። አለርት፣ ማለትም የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል፣ በዚያው ግቢ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል የነበረው ዩኒቨርሲቲ ነበሩ፤ የውጭ የሥጋ ደዌ ሚሲዮኖችም አብረው ቆሙ። በሕንድ ቬሎር የቆለመሙ ጣቶችን በጅማት ቀዶ ጥገና ያቃና የነበረው ፖል ብራንድም ከሐሳቡ አመንጪዎች አንዱ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። አንድ ሆስፒታል አፍሪካን ሊያክም አይችልም፤ የሚያክሙትን ግን ሊያሠለጥን ይችላል። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና የሕክምና ጫማ ሠሪዎች ከየአገሩ ወደ ዘነበወርቅ መጡ። ዕውቀቱ ከጥቂት ሐኪሞች ጭንቅላት ወጥቶ በመቶዎች ሲከፋፈል፣ ክኒኑ የሚሄድበት መንገድ ተጠረገ።

መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር ለመረዳት በሸዋ ገጠር አንድ የገበያ ቀን ማሰብ ይበቃል። ላንድሮቨር መድረስ እስከቻለበት ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በቅሎ ወይም እግር። ቀጠሮው በወር አንድ ጊዜ፣ የታወቀ ዛፍ ሥር ነው። ሕክምና ቤት የለም፤ ጠረጴዛና የካርድ ሣጥን አለ። ሠራተኛው ስም ይጠራል፤ ያለፈው ወር ክኒን ማለቁን ይጠይቃል፤ የሚቀጥለውን ወር ቆጥሮ ይሰጣል። ከዚያ «ጫማህን አውልቅ» ይላል። ሥጋ ደዌ የሚያደነዝዘው ነርቭን ነውና እሾህ የወጋው እግር አያምም፤ ያላመመውን ቁስል ባለቤቱ አያየውም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ማየት አለበት። ክኒኑ ጀርሙን ይገድላል፤ የእግሩን ጠባቂ ግን አይተካም። ዛፉ ሥር የሚደረገው ሁለቱም ነበር።

በ1970 በዚያው ግቢ ውስጥ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ነበሩ ያቋቋሙት። ጀርሙን መጀመሪያ ያየው ሰው ስም፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጀርሙ በብዛት ባለበት ከተማ ቤት አገኘ።

ክኒኑ ሲከዳ፦ ከ1975 እስከ 1983

ከዚያ መጥፎው ወሬ መጣ። ዳፕሶን እየዋጡ ያሉ ሰዎች እንደገና ይታመሙ ጀመር። ጥርጣሬው «አልዋጡም ይሆናል» የሚል ነበር፤ የሚሳበበው በሕመምተኛው ነው።

እውነቱን ማወቅ ቀላል አልነበረም። የሥጋ ደዌ ጀርም በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ አይበቅልም። ያለው ዘዴ ከሰው ቆዳ ናሙና ወስዶ በአይጥ መዳፍ ሥር መውጋት ነው፤ ጀርሙ አንድ ጊዜ ለመባዛት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት ውጤት ለማየት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይጠበቃል። በአዲስ አበባ ይሠራ የነበረው የእንግሊዝ ሕክምና ምርምር ምክር ቤት ቡድን፣ ጆን ፒርሰን የመሩት፣ ከሕመምተኞች የተወሰዱ ናሙናዎችን በለንደን ካሉ ተመራማሪዎች ጋር በዚህ ዘዴ መረመረ። አይጦቹ ዳፕሶን እየተመገቡ ጀርሙ መባዛቱን ቀጠለ። ሕመምተኞቹ አልዋሹም፤ ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል። ከዚያም የባሰው፣ ዳፕሶን ከዚህ በፊት ቀምሰው የማያውቁ አዲስ ሕመምተኞችም የለመደውን ጀርም ይዘው ተገኙ።

በሩን መክፈት ስሕተት ነበር ማለት ነው? እንዲህ የሚል ቢመጣ ማስረጃ አያጣም ነበር፤ መቆራረጡ፣ አነስ ያለ መጠን መስጠቱ፣ አንድን መድኃኒት ብቻውን ለዓመታት ማደሉ ጀርሙን አስተምሮታል። ጥፋቱ ግን ክኒኑ ገበሬ እጅ መግባቱ አልነበረም። ብቻውን መግባቱ ነው። መልሱ በሩን መዝጋት ሳይሆን የሚወጣውን መለወጥ ሆነ። የታሪኩ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው።

ሦስቱ በአንድ እሽግ፦ ከ1983 እስከ 1999

በ1981 የዓለም ጤና ድርጅት የጠራው የባለሙያዎች ቡድን ብዙ ጀርም ላለበት ሕመምተኛ ሦስት መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ መከረ፤ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን። ሪፋምፒሲን በአንድ ጊዜ ውጠት ብቻ አብዛኛውን ጀርም ይገድላል፤ ሌሎቹ የተረፈውን ይለቅማሉ። አንዱን የለመደ ጀርም ሁለቱ ይቀበሉታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕክምናው መጨረሻ አገኘ። «ዕድሜ ልክ» የሚለው ቀርቶ ለብዙ ጀርም ላለበት ሁለት ዓመት፣ ለጥቂት ጀርም ላለበት ስድስት ወር ሆነ፤ ሁለቱ ዓመት በኋላ ወደ አሥራ ሁለት ወር አጠረ። በኢትዮጵያ አዲሱ ሕክምና በ1983 ደረጃ በደረጃ ተጀመረ።

እሽጉን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ከመዳፍ ሰፋ ያለ፣ ክኒኖቹ በየጉድጓዳቸው የተደረደሩበት፣ የ28 ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን ድርሻ ለብቻው ተለይቷል፤ ሪፋምፒሲኑ፣ ከፍ ያለው ክሎፋዚሚንና ዳፕሶኑ። ይህን ሕመምተኛው በጤና ሠራተኛው ፊት ይውጣል። የቀሩት 27 ቀናት በቁጥር ተሰልፈዋል፤ በየቀኑ አንድ ረድፍ፣ ቤት ውስጥ። ማንበብ የማይችል ሰው ባዶውን ጉድጓድ አይቶ የት እንደደረሰ ያውቃል። ሠራተኛው የሚያስጠነቅቀው ሽንቱ ሊቀላ፣ ቆዳው ሊጠቁር እንደሚችል ነው፤ ሳይነገረው ቢያየው ደንግጦ ያቆማልና። ዱሮ ሐኪሙ ብቻ የሚያውቀው መጠን፣ ቅንጅትና ጊዜ አሁን እሽጉ ላይ ተጽፏል። ዕውቀቱ ዕቃው ውስጥ ስለገባ ዕቃውን ሰጪው ልዩ ሐኪም መሆን አላስፈለገውም።

አለርት ይህ በገጠር በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ በ1988 በሸዋ ትልቅ ክትትል ጀመረ። ሕክምናቸውን ጨርሰው የተሰናበቱ ሰዎችን ለዓመታት ተከታተለ። ያገረሸባቸው እጅግ ጥቂት ሆነው ተገኙ፤ መድኃኒቱን አቁሞ ማሰናበት ይቻላል የሚለው በኢትዮጵያ ገጠር ተረጋገጠ። ያው ክትትል ግን ሌላ ነገርም ገለጠ። አዲስ ከሚመጡት ሕመምተኞች ከግማሽ የሚበልጡት ገና ሲመረመሩ እጃቸው፣ እግራቸው ወይም ዓይናቸው ላይ ጉዳት ደርሶ ነበር። መድኃኒቱ ደርሷል፤ ሰው አልደረሰም። ፍርሃትና ሐፍረት ከማንኛውም አጥር በላይ ያዘገያሉ።

ከዚያ በኋላ የቀሩት በሮች ተራ በተራ ወደቁ። በ1994 የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ መርሐ ግብሮች ተዋሕደው ሥራው ወደ መደበኛ ጤና ጣቢያ መውረድ ያዘ፤ ሕመምተኛው ለብቻው በተለየ ቤት መታየቱ ቀርቶ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ወንበር ተራ መጠበቅ ጀመረ። ከ1995 ጀምሮ የጃፓኑ ኒፖን ፋውንዴሽን፣ ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ኖቫርቲስ መድኃኒቱን ለመላው ዓለም በነፃ ሰጡ። በ1996 ሕመምተኞቹ ራሳቸው ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ፤ ስለ እነርሱ ሌላው የሚናገርበት ዘመን እንዲያበቃ ጠየቁ። በ1999 ኢትዮጵያ በአገር ደረጃ ከአሥር ሺህ ሰው ከአንድ ሕመምተኛ በታች የሚለውን የዓለም ግብ ደረሰች።

ያው ጥያቄ በሌላ አገር፦ ከ1996 እስከ 2023

በዚያው ዘመን ከዘነበወርቅ ሩቅ በሆነ ቦታ ሌላ መድኃኒት ያንኑ በር ያንኳኳ ነበር። ሄሮይን፣ ሞርፊን ወይም ፌንታኒል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው የሚሞተው ትንፋሹ ስለሚቆም ነው። ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት እነዚያን ከአንጎል ተቀባይ ላይ ገፍትሮ ትንፋሽን በደቂቃዎች ውስጥ ይመልሳል። በ1961 በኒው ዮርክ ተሠራ፤ በ1971 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ከዚያ ግን ለብዙ ዓመታት በሆስፒታልና በአምቡላንስ ተቆልፎ ቆየ። ከዳፕሶን በአንድ ነገር ይከፋል፤ ሕመምተኛው ራሱ ሊወስደው አይችልም፤ ራሱን ስቷል። ስለዚህ አጠገቡ ያለ ሰው እጅ ካልገባ የለም ማለት ነው።

በ1996 በቺካጎ ዳን ቢግ የተባለ ሰው የሚመራው ድርጅት መድኃኒቱን ለአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎችና ለወዳጆቻቸው ማደል ጀመረ። ተቃውሞው የታወቀ ነው፦ ያለ ሐኪም? ለእነዚህ ሰዎች? አያደፋፍራቸውም? በ2014 የዓለም ጤና ድርጅት አብሮ የሚኖር ሰው ሊይዘው ይገባል አለ። በ2015 በአፍንጫ የሚረጨው ቅርጽ ተፈቀደ፤ መርፌ ቀረ፤ አፍንጫ ውስጥ አስገብቶ መጫን ብቻ። በ2023 በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ ተሸጠ። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ በነፃ ይታደላል። መፍትሔው የዘነበወርቅ ነው፤ ዕውቀቱን ዕቃው ውስጥ አስገብቶ ዕቃውን ለሰው መስጠት። ማስጠንቀቂያውም የዘነበወርቅ ነው፤ ናሎክሶን ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ይዳከማልና የነቃው ሰው ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ክኒኑ የእግሩን ጠባቂ እንዳልተካው፣ የሚረጨውም አምቡላንሱን አይተካም።

ከዚህ ወዲህ

ከ2003 ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነዋል። ቆዳ ላይ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ምልክት ያየች ሠራተኛ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ቢሆንም በአገራችን በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ አዲስ ሕመምተኞች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ዘግይተው የሚመጡ አሉ። ከበሽታው የዳኑት ሰዎችም ከድህነቱ አልዳኑም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ከሰፈሩ አጠገብ ያለው የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከተማው የማይፈልገውን ሁሉ ወዴት ሲገፋ እንደኖረ ታየ።

አለርት ራሱ አጠቃላይ ሆስፒታል ሆኗል። ቆዳው የታመመ፣ ዓይኑ የደከመ፣ መኪና የገጨው ሁሉ ወደዚያ በር ይሮጣል። ሰው አይቶት መንገድ ይቀይርበት የነበረው ግቢ ዛሬ ተራ የሚያዝበት ነው። በዚያ ተራ ውስጥ እሽጉን ሊቀበል የቆመው ሰው ከሌላው አይለይም።

ከእሽጉ 28 ቀናት አንዱ የሚዋጠው ሰው እያየ ነው። ሃያ ሰባቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ማንም ሳያይ። በ1934 ሃያ ስምንቱም በአጥር ውስጥ ነበሩ።